የቢልቂስ ግራ ጫማ

እኔ ረሺዳ ከሳይንስ ጋር ተጣልቻለሁ። ቁይ ከተማ ገበያ ላይ ሰልባጅ ጫማ የምትሸጥ ሴት ከሳይንስ ጋር ምን አገናኛት ብላችሁ ሳቁ፤ እኔም የሰው ታሪክ ቢሆን እስቅ ነበር።

ቢልቂስ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ እታለም ነው የምትለኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች ከገበያ ስንመለስ ከአይሱዙ ላይ ወድቃ ግራ እግሯ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት፣ አልሃምዱሊላህ ዳነች፤ ግን ግራው ከቀኙ የጣት ውፍረት ያህል አጥሮ ቀረ። ቆማ ብታዩዋት አታውቁትም። ለሩጫ ከመደቤ ላይ ደህናውን ጫማ እመርጥላታለሁ፣ ጫማ ሰፊው ደግሞ ከነጠላ ጫማ ላስቲክ ቆርጦ ከግራው ሥር በማስቲሽ ይለጥፍላታል። ያኔ እግሯ ይስተካከልና እንደ ልቧ ትሮጣለች። ይህን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን። ክለቦች ልጅ ሲመለምሉ እንደ በሬ ገዢ አገላብጠው ነው የሚያዩ፤ እግሯ አጭር ነው ከተባለ ማን ዞር ብሎ ያያታል?

ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ላይ የዞኑ ውድድር ሲደረግ ከአዲስ አበባ አንድ የክለብ መልማይ መጥቶ ነበር። ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችውን ብቻ ነው የምወስደው፣ ማደሪያ አላት፣ ምግብ አላት፣ ደመወዝ አላት ብሏል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለጣላት ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ቢልቂስም ሌሎቹን ጥላቸው ገባች። እኔ እልል ብዬ ሳልጨርስ የሁለተኛዋ አሠልጣኝ ክስ ይዞ ቀረበ፤ ግራ ጫማዋ ሥር የሚያስፈነጥር ነገር ተለጥፏል አለ። ግራውን ወሰዱት። በማግስቱ፣ በሳይንሳዊ ፍተሻ ስለተረጋገጠ ውጤቷ ተሰርዟል፣ ለአንድ ዓመትም ታግዳለች አሉን።

ደሜ ፈላ። ልጄን አጭበርባሪ አሉብኝ እኮ። ቢልቂስ «እታለም፣ ተይው ይቅር» ብላ ነጠላዬን ብትይዘኝ አስለቅቄ የውድድሩ ኮሚቴ ቢሮ ገባሁ።

ከኮሚቴው ጠረጴዛ ኋላ የኋላሸት የሚባሉት ሰብሳቢ ተቀምጠዋል። መልማዩ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል። የፈተሸው ጌቱ የሚባል ወጣት ነው፤ እንዴት እንደፈተሸ ብጠይቀው ደስ ብሎት አስረዳኝ። ከኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ ጫማው ላይ ይጥላል፣ ስትነጥር በስልኩ ይቀርጻል፣ ከዚያ የነጠረችበትን ይለካል። አንድ አዲስ የሩጫ ጫማም ተውሶ በዚያው ኳስ ለክቶ አነጻጽሯል። የቢልቂስ ጫማ የአዲሱን እጥፍ አንጥሯል አለ።

«የእሷን የት አስቀምጠህ ነው?» አልኩት።

«መጋዘኑ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ።»

«አዲሱንስ?»

ትንሽ አፈረ። «እሱ የሰው ነው፤ እንዳይቆሽሽ ብለን ፍራሽ ላይ አድርገነዋል።»

«ሳይንስህ ይህ ነው እንግዲህ? አንተንስ አንዴ ሲሚንቶ ላይ፣ አንዴ ፍራሽ ላይ ብጥልህ እኩል ትነጥራለህ?»

ከኮሚቴው ሰዎች አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ግን ሳቅም አልመጣልኝ። የልጅ ዕድሜ በፍራሽ ይበላሻል? እኩል ቦታ ላይ እኩል አድርጋችሁ ለኩ፣ ካልሆነ ከዚህ አልነቃነቅም አልኩ። የኋላሸት አሰብ አደረጉና «እውነታቸውን ነው፣ ይደገም» አሉ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ጌቱ ቀበል አድርጎ «እንግዲያው በደንብ እንዲሆን ቀኙም ይምጣ» አለ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ከታዩማ የግራው ውፍረት ሊታወቅብን ነው። «የተከሰሰው ግራው ነው፤ ቀኙ ምን ያደርግልሃል?»

«እናት፣ እኩል ይሁን ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እምቢ ብል ደብቀው ነው ሊሉን ነው። ቢልቂስ ቀኙን ከፌስታሏ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

መጋዘን ገብተን ሁሉንም ሲሚንቶው ላይ ለኩ። የቢልቂስ ግራም ቀኝም ከአዲሱ ጫማ ያነሰ አነጠሩ። የኋላሸት «ንጹሕ ነው» አሉ። ይህን ብለው ቢያበቁ ምን ነበረበት? ጫማዎቹን ሊመልሱላት ጎን ለጎን ሲይዟቸው ግን ዓይናቸው ሶሉ ላይ ቀረ።

«ግራው ለምን ወፈረ?»

«ሰልባጅ ነው፣ እንዲሁ ነው የመጣው» ብዬ ዋሸሁ። እኔ ለእሷ ስል ስንቱን እዋሻለሁ። እሷ ግን እንደኔ አይደለችም፤ ሌባ ተብላ ያደረች ልጅ ደግማ ውሸታም መባል ከበዳት መሰለኝ።

«ግራ እግሬ አጭር ነው» አለች።

መልማዩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጫማሽን አውልቂና ግድግዳው ጋ ቁሚ አላት፣ ቆመች። ዳሌዋን አየ፣ ጉልበቷን አየ። ያን ያህል ሰው ፊት እንደ ዕቃ ሲያያት እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ጎበዝ ነሽ። ክለቡ ግን ጉዳት ያለበት አይቀበልም» አላት።

«ይኸው አሸንፋለች አይደል?» አልኩት። «በዚህ እግሯ አይደለም ያሸነፈች?»

«መመሪያ ነው፣ እናት።» ወጥቶ ሁለተኛዋን አስጠራ። ከሳሹ የሚያሠለጥናት ልጅ ማደሪያውንም ደመወዙንም አገኘች።

ለቢልቂስ ደግሞ ውጤቷን መለሱላት፣ እገዳውን አነሱላት፣ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጠለቁላት። አጨበጨቡም። ጌቱ እጁን ዘርግቶ «አዩ እናት፣ ሳይንስ ሐቁን አወጣው» አለኝ። አልጨበጥኩትም። የዘረጋውን እጅ እያየሁ ቆምኩ፤ ኋላ ራሱ ሰበሰበው።

መናኸሪያ ሄደን የቁይ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ የማጽናናት መስሎኝ «ምንም ቢሆን ስምሽ ነጻ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ማንም አጭበርባሪ አይልሽም» አልኳት።

ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እታለም» አለችኝ ግራ እግሯን እየነካች፣ «እገዳው እኮ ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር።»