አባቴ ለቤታችን የጻፈው ንድፍ

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ባቡር ከባቡር እንዳይጋጭ የሚጠብቅ የኮምፒውተር ሥርዓት ሲነድፍ ነው። ፕሮግራሙ ከመሠራቱ በፊት "ይህ መቼም አይሆንም፣ ያ ሁልጊዜ ይሆናል" እያለ በሒሳብ ምልክት ይጽፋል፤ ማሽኑ ደግሞ የጻፋቸው መስመሮች ሳይጋጩ ሁሉም አብረው እውነት መሆን መቻላቸውን ይፈትሻል። እኔንም ጎትቶ እዚሁ ሙያ ውስጥ የከተተኝ እሱ ነው።

አሁን የመርሳት በሽታ ይዞታል። በቀደም ምድጃውን ለኩሶ፣ በሩን ከፍቶ ጥሎ ወጣ። እናቴ እሱን ስትጠብቅ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ አይከደንም፤ ከመክሳቷ የተነሳ ልብሷ ሰፍቷታል። እኔ ሌላ ከተማ ቁጭ ብዬ በስልክ "አይዞሽ" እላለሁ፤ አይዞሽ ማለት ምን ይከብዳል! የመጣሁት "መጦሪያ ቤት ይግባ" ለማለት ነበር። ሳየው ግን አንጀቴ አልቻለም።

ሳሎን ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩን ከፍቷል።

"የቤታችን ንድፍ ነው፤ እስቲ ፈትሺልኝ" አለኝ።

በእነዚያ ምልክቶቹ አራት መስመር ጽፏል፦ እዚህ ቤት እኖራለሁ። ነቅቶ የሚጠብቀኝ ሰው ሁልጊዜ አጠገቤ አለ። ሚስቴ ሌሊት ትተኛለች። ከሁለታችን ሌላ ማንም እዚህ አያድርም።

"አራተኛውን እንሰርዘውና ሰው እንቅጠር" አልኩት።

"ሞቼ ነው ባዳ ቤቴ የሚያድረው!" አለች እናቴ ከወጥ ቤት። ጆሮዋ እንደሆነ አልደከመም።

ፈተሽኩት። አራቱንም የሚያሟላ አንድም ሁኔታ የለም አለ ማሽኑ። "አልፏል" ብዬ ልዋሸው ከጅሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ይህን ማንበብ ገና አልረሳም።

"ሦስተኛውን ትንሽ ብናላላውስ? እማዬ እንደምንም—"

"እሱን እንዳትነኪ!" ብሎ ጮኸብኝ። ልጅ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ጮሆብኝ አያውቅም።

ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበው። ብዙ ቆየ፤ ምን እያደረገ እንደነበር የጠፋው መስሎኝ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር፣ "እዚህ ቤት እኖራለሁ" የሚለውን፣ አጠፋና ራሱ ፈተሸው። ወዲያው አለፈ።

እኔ ለመናገር የፈራሁትን እሱ ጨረሰው። መስመሩን ልመልስ እጄን ስዘረጋ እጄን ያዘኝ።

"ለእናትሽ አንቺ ንገሪያት፣ ልጄ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ እረሳዋለሁ።"