ታንከኛው ሰቦቃ

እሑድ ጠዋት ደሪቱ ልብስ አጥባ ስታሰጣ፣ ባሏ ሰቦቃ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ከኦጋዴን ጦርነት ከተመለሰ ወዲህ እየባነነ ይጮኻል፤ ሰው ሰምቶ እንዳያስወስድባት ትሰጋለች።

የሚኖሩት ቀበሌ ከወይዘሮ ትብለጽ ወርሶ በሰጣቸው ሰርቪስ ቤት ነው። ሴትዮዋ ይህን አልረሱም። ያን ዕለት ወንድማቸው ከውጭ ያመጣውን ታንክ የሚያዋጋ የቴሌቪዥን ጨዋታ ሳሎናቸው ውስጥ አስከፍተው፣

«ና እንጂ፣ ታንከኛው! ወይስ የነዳኸው ጋሪ ነው?» አሉት።

«ይተዉት፣ እትዬ» አለች ደሪቱ።

ሰቦቃ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ታንክ ሲጋይ ባየ ጊዜ፣ «ውስጡ ሰው አለ! ውጡ!» እያለ ሊያወጣቸው የተቀመጠበትን ዱካ አንሥቶ መስተዋቱን ሰበረው።

«እብድ ነው! ውሰዱልኝ!» ብለው ወይዘሮ ትብለጽ አብዮት ጠባቂዎችን አስጠሩ። ደሪቱ ክንዱ ላይ ተጠመጠመች፤ አላቅቀው ወሰዱት።

የት እንዳደረሱት የሚነግራት አላገኘችም። ቤቷ ውስጥ አሁን ሰቦቃ የለም።