ከፍ ያለው የጋቢና ወንበር

«ጋሼ፣ እዚያ ላይ አይቀመጡ! ሽቦ አለው፣ ይወጋዎታል!» አለች ባሏ የሞተባት ሴት።

የባሏ ታላቅ ወንድም ሊቀመጥ ጎንበስ እንዳለ ቀና አለ። ለቅሶ ደራሹ በዝቶ ወንበር ስላነሰ፣ አንዱ ጎረቤት ረጅሙን የጋቢና ወንበር ከጓሮ ወደ በረንዳው ጎትቶ አምጥቶት ነበር። ባሏ ከአሮጌው የጭነት መኪናው ላይ ነቅሎ፣ ሞላውን አቃንቶ፣ አዲስ ስፖንጅ አንጥፎበታል። ቆዳውን ሳያለብሰው ሞተ።

ሰውየው ስፖንጁን ዳሰሰ። «በሾፌሩ በኩል ደርቦበታል እኮ። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ደክሞ ነበር እንዴ?»

«ዓይኑስ ደህና ነበር።»

«ለማንኛውም ለመኪናው ገዢ አግኝቻለሁ። አንቺ ብቻ እሺ በይ።»

እሺ ልትል ነበር። ትዳሯን ሙሉ መንገድ ስትፈራ ኖራለች። ባሏ ባመሸ ቁጥር ገደሉ፣ ጭጋጉ፣ እምቢ ያለው ፍሬን ይታያት ነበር። እሱ ግን የሞተው አልጋው ላይ ነው፣ እሷ አጠገቡ እንቅልፍ ወስዷት።

ልጃቸው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሰሞን፣ እሷ ባሏ ላይ ተነስታበት ነበር።

«መኪናውን ለእሷ ልትሰጥ ነው አይደል? እኔን አፈር ሳታለብሱኝ አታርፉም!»

«ኧረ ልሸጠው ነው» አላት፣ ከስፖንጁ ላይ ቀና ሳይል። «ወንበሩ ሲያምር ገዢ ይወደዋል።»

አምናው ነበር።

አሁን መዳፏን ከፍ ባለው በኩል አሳረፈች። ባሏ ጋቢና ሲገባ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሎጋ ነበር፤ እዚህ ላይ ቢቀመጥ ጣሪያው አናቱን ይለዋል። ልጅቷ ግን በእናቷ ወጥታ አጭር ናት። እዚህ ላይ ብትቀመጥ መንገዱን አሻግራ ታያለች።

«ውሸታም» አለች ቀስ ብላ።

«ማን?»

«ወንድምዎ ነዋ!»

ልጅቷ የተሰፋውን ቆዳና ፒንሳ ይዛ ከጓሮ መጣች። «እማዬ፣ ላልብሰው። እንዲህ ራቁቱን ሰው ፊት አይቅረብ።»

«በለቅሶ ቀን ሥራ?» አለች አንዷ ሴት በመስኮቱ በኩል።

«ያው አባቷ ናት፤ ግትር» አለች ሌላዋ።

ልጅቷ ቆዳውን አልብሳ ጠርዙን ወደ ታች ሳበች። ከብረቱ አልደርስ አላት። ደግማ ሳበች፤ አመለጣት።

«ሰው ካልተጫነው አይደርስም። አባዬ አንቺን ሊጠራሽ ነበር። ‹ከእናትሽ የሚከብድ ከየት ይመጣል?› ይል ነበር።»

በመስኮቱ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እናትየውም ሳቋ መጣ፤ ዕንባዋ ቀደመው። በረዳቱ በኩል ሄዳ ቁጭ አለች። ልጅቷ ጠርዙን ስባ አሰረች።

«አሁን ወደዚያ ጠጋ በይ።»

ወደ ሾፌሩ ቦታ። እዚያ ተቀምጣ አታውቅም።

«ገዢውን ምን ልበለው?» አለ ሰውየው።

ገደሉ ዛሬም ታያት፤ ጭጋጉም።

«ሌላ መኪና ይፈልግ በሉት» አለችና ተጠጋች። ሁለት እጆቿን ጎንና ጎኗ አድርጋ ባላት ክብደት ሁሉ ተጫነች። «ጎትቺ።»

ፒንሳው ሽቦውን ሲጠመዝዝ ከሥሯ ተሰማት።

«አለቀ እማዬ። ተነሺ።»

እናትየው ግን እንደተጫነች ቆየች።