ዘይት ያልገባላት መኪና

ሰይፉ መካኒኩ ስለ ዘይት ሲናገር ደፍሮ የሚያቋርጠው የለም። ቡታጅራ ውስጥ ጋራዥ ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን «ሰይፉ አበላሸብኝ» የተባለ አንድም መኪና የለም፤ ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው ራሱ ነው፣ ከማንም በላይ የሚያወራውም ራሱ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ከሱራፌል ጋር የተከራከሩትም ስለ ዘይት ነበር። ሱራፌል የጎረቤቱ የወይዘሮ ኢትዮጵያ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ይሠራል፤ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ የሚነዳት ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትልስ የደረሰች ዝቅተኛ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና አለችው።

«ጋሼ ሰይፉ፣ መጽሐፉ እኮ የዲፈረንሻል ዘይት የሚቀየረው መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው ይላል። እኔ ገና አርባ ሺህም አልሞላሁ።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ አንተ ስትነዳ አይቶ ያውቃል?»

ሱራፌል ሳቀ። ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ተከራይተው ጎማ እያጨሱ እንደሚሽከረከሩ ወሬው ቡታጅራ ከደረሰ ቆይቷል።

ሰይፉ ወደ ጋራዡ መሥሪያ ጉድጓድ ወርዶ ከመኪናዋ ሥር ገባ፤ ከኋላ ጎማዎቹ መሐል ሆኖ በብረት ጥርሶቹ ጎማዎቹን ከሚያዞረው ዲፈረንሻል ላይም የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ። የወረደው ዘይት ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የቡሎኑ ማግኔት ላይ የብረት ብናኝ እንደ ጭቃ ተለጥፎበታል። ጣቱን ነክሮ ወደ ላይ አሳየው።

«የሚቆጠረው ኪሎ ሜትሩ አይደለም፤ ያየችው መከራ ነው። እንዳንተ ለሚጋልባት በየዐሥር ሺው ይቀየራል፤ ከእሽቅድምድም በኋላማ ወዲያው ነው። በል ሂድ፣ ከምሳ በፊት ትደርስልሃለች።»

ሱራፌል ወደ እናቱ ቤት ሄደ። አሮጌው ዘይት ተንጠፍጥፎ እንዳለቀ ግን ዘበኛው በኃይሉ ከበሩ ተጣራ፦ የሙሀመድአወል አባት አርፈዋል፣ አሁኑኑ ሊቀበሩ ነው። ሙሀመድአወል መለዋወጫ የሚሸጥለት የሃያ ዓመት ወዳጁ ነው። የሙስሊም ቀብር ደግሞ እጅህን እስክትታጠብ አይጠብቅም። ሰይፉ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ። አዲሱን ዘይት እንደታሸገ ከጉድጓዱ አፍ አኖረና ጃኬቱን እየለበሰ ወጣ።

የጋራዡ ሕግ እንዲህ አልነበረም። ዘይቷ የፈሰሰ መኪና ማንም እንዳይነካት መሪዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ሕጉን ያወጣው ሰይፉ ነው፤ ጨርቅ ሳያስር የሄደ ሠራተኛም አባሮበታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ አገር የሚመክር ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ጨርቁ ትዝም አላለው።

ከቀብር ሲመለስ ጉድጓዱ ላይ መኪና የለም።

«ሱራፌል ወሰዳት» አለ በኃይሉ። «‹ከምሳ በፊት ትደርሳለች ብለውኛል› አለና በራሱ ቁልፍ አስነሥቶ ሄደ። ወደ አዲስ አበባ ነው። አሁን ነው፣ ዐሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

ሰይፉ የዘይቱን ዕቃ አየው። ክዳኑ አልተነካም።

ዘይት የሌለው ዲፈረንሻል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጥርሶቹ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ። መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ያጓራል፣ በመጨረሻ ይነክሳል። በመቶ ሃያ ፍጥነት ከነከሰ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ቀጥ ይላሉ፤ ከፊት ለፊት ደግሞ የጭነት መኪና ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈለገም፤ ግን አሰበው።

ደወለ።

«አቤት ጋሼ!» የሱራፌል ድምፅ በነፋስና በዘፈን ተውጦ ነው የመጣው።

ሰይፉ አፉን ከፈተ። በኃይሉ አጠገቡ ቆሟል። በሩ ላይ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠው ወደ እሱ ይመለከታሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይሉት ነበር አባቱ፤ እሱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ስም ሲገነባ ኖሯል። እስከ ማታ ድረስ ከተማው ምን እንደሚል ሁሉ ታየው።

«ሊብሬህን እኔ ጋ ረስተሃል» አለ። «ተመለስና ውሰድ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ችግር የለም፣ ኮፒ ይዣለሁ! በሚኒባስ ይላኩልኝ!» ስልኩ ተዘጋ።

እንደገና ሊደውል አሰበ፤ መልሶ ተወው። ለራሱ ሰበብ ይደረድር ጀመር። ጥርሶቹ ላይ የቀረ ዘይት አይጠፋም። ቀስ ብለህ ንዳ ብዬዋለሁ። ሲያፏጭ ይሰማዋል፣ ይቆማል። ልጁ ዘፈን ከፍቶ እንደሚነዳ አሁን በጆሮው ሰምቶ ሳለ፣ ያልሰማ መሰለ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። መኪናዋ በየደቂቃው እየራቀች እየደረቀች ነው፤ ሰይፉ ግን ላብ አጥምቆት፣ ንጹሕ የሆነ መፍቻ ደጋግሞ ይወለውላል።

ዐሥር ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ስልኩ ሲጮኽ ሱራፌል መስሎት ዘለለ። ሚስቱ አልማዝ ናት።

«ቀብር ሄደህ ሳታገኝህ ሄደች እኮ፤ ሀሴት። ‹አባዬን በስልክ እሰናበተዋለሁ› ብላለች። መናኸሪያ ልትሄድ ስትል ሱራፌል መንገዴ ነው ብሎ ወሰዳት።»

ልጃቸው ሀሴት አዲስ አበባ ነርስ ናት፤ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም።

መልስ ሳይሰጣት ዘጋባት። ሱራፌል ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ደገመ። አይነሣም። ሀሴት ጋ ሲደውል ማግኘት አይችሉም የምትለዋ ሴትዮ መለሰችለት። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሌላ ሰው ጋ ደወለ። «ጌታ ሆይ፣ እባክህ» ይላል፤ ማለቱንም አያውቀውም። በአራተኛው አነሣች።

«አባዬ! እኔም ልደውልልህ ስል...»

«አቁሙ! ነዳጁን ይልቀቅና በቀስታ ዳር ይያዝ በዪው! ዲፈረንሻሉ ባዶ ነው! ዘይቱን አፍስሼ አልሞላሁም! እኔ ነኝ፣ የእኔ ጥፋት ነው ሀሴትዬ!»

ጩኸቱ አስፋልቱን ተሻገረ። ደንበኞቹ ተነሥተው ቆሙ። በስልኩ ውስጥ ሀሴት ስትጮኽ ሰማ፤ ከዚያ ዘፈኑ ጠፋ። ዘፈኑ ሲጠፋ ከሥር ሌላ ድምፅ ወጣ፤ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ሰይፉ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ዝም አለ።

«ቆምን» አለች።

አንደኛው ደንበኛ በሞተር ሳይክሉ አፈናጠጠው። ዘይቱን ታቅፎ ቡኢ ከተማ መዳረሻ ላይ ሲደርስ መኪናዋ ከመንገድ ወርዳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሱራፌል ፊቱ አመድ መስሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሰይፉ ሴት ልጁን ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ። ሀሴት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ስትደውል ስለ ሊብሬ ነው ያወራኸው። ያኔ እኔ መኪናው ውስጥ መሆኔን ታውቅ ነበር?»

ሱራፌል ቀና አለ። እሱም መልሱን ይጠብቃል።

አውቅ ነበር ቢል፣ ልጁን ለስሙ ሲል የተወ አባት ነው። አላውቅም ቢል ደግሞ፣ እውነቱን ደብቆ የለቀቀው የጎረቤቱ ልጅ እዚያው ፊቱ ተቀምጧል። ሰይፉ አፈረ፤ ከዚህ ቀደም በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«አላውቅም ነበር» አለ።

አንድ ሚኒባስ ጥሩንባ እየነፋ አለፈ። ሱራፌል ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፣ ስልኩን አወጣ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ።

«እማዬ» አለ። ምንም ነገር ያልሰማችው እናቱ በዚያኛው ጫፍ የሆነ ነገር ጠየቀችው። ሱራፌል ወደ ሰይፉ ዞሮ አየና ዓይኑን መለሰ። «አይ፣ ምንም አልሆንኩም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»