«በጤና ምክንያት»

«ይቺን መስመር አላነባትም» አለች የሟቹ ልጅ፤ ወረቀቱንም ጠረጴዛው ላይ ወደ ምክትል ሚኒስትሩ መልሳ ገፋችው።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ መቀመጫ ያጣው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ምክትል ሚኒስትሩ ነገ በሚኒስቴሩ አዳራሽ በሚደረገው መታሰቢያ የሚነበበውን የአባቷን የሕይወት ታሪክ ይዞ መጥቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ነው ያዘጋጀው። ሁሉም ደህና ነበር። የመጨረሻዋ መስመር ግን «በጤና ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ» ትላለች።

«አባቴ ጉንፋን እንኳ ይዞት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም።»

«እህቴ፣ የቆየ ቁስል ምን ይነካካል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም እኮ ተማሪያቸው ነበርኩ።»

«ከነበርክ፣ የተባረረ ዕለት የት ጠፋህ?»

አባቷ ሠላሳ ዓመት የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ነበር። የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም «ልብ ወለድ አንባቢ አገር ሊያስተምር!» ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ገጠር ለገጠር እየዞረ፣ የኋላ ወንበር ላይ ከልጆች ጋር ተጣቦ ትምህርት ያዳምጥ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ብሔራዊ ፈተናው ተሰርቆ ወጣ። የደረሰውም የባለሥልጣን ልጆች ለሚማሩባቸው ስድስት ትምህርት ቤቶች ነበር። የስድስቱንም ውጤት ሰረዘ። በአንደኛው ይህችው የገዛ ልጁም ተፈትና ነበር።

«አባባ፣ እኔ እኮ የተሰረቀውን በዓይኔም አላየሁት!» ብላ አለቀሰች ያን ጊዜ።

«አውቃለሁ። ግን አንቺን ለይቼ ባሳልፍ፣ ነገ የሌላውን ልጅ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እንደገና ትፈተኛለሽ።»

ዓመት ሙሉ አኮረፈችው። እንደገና ተፈትና አለፈች፤ ዛሬ ርዕሰ መምህርት ናት። እሱ ግን «ስረዛውን አንሣ» ሲሉት እምቢ አለ። አንድ ጠዋት ጢሙን እየተላጨ መሻሩን ከሬዲዮ ሰማ። ከዚያ ወዲያ በሩን ያንኳኳ ባለሥልጣን አልነበረም።

ምክትል ሚኒስትሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «አንቺም የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። እንጀራሽን አስቢ።»

ይህን ጊዜ ብድግ አለች። ከአጎቷ የደረት ኪስ እስክሪብቶ መዘዘች፤ መስመሯን ሰረዘችና ከጎኗ የጻፈችውን ለሳሎኑ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበች፦ «የተሰረቀ ፈተና አላጸድቅም በማለቱ ተባረረ።»



«እውነቷን ነው!» አለ የአባቷ የድሮ ሾፌር ከጥግ። «መኪናውን የነጠቁን ዕለት አብረን በእግራችን ነው የገባነው። እኔ ሳማርር፣ ‹ምን ሆነሃል፣ ዛሬ ገና በራሳችን እግር ቆምን!› አለኝ።»

ሰዉ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ።

«እንዲህ ከሆነ አዳራሹ አይገኝም» አለ ምክትል ሚኒስትሩ እየተነሣ።

«አዳራሹን ያዙት። ደጃፉ ይበቃናል።»

በማግስቱ አዳራሹ ተቆልፎ ጠበቃቸው። ደጃፉ ግን በሰው ጢም ብሏል፤ ከሩቅ ገጠር አቧራቸውን ሳያራግፉ የመጡ መምህራን ሳይቀሩ ቆመዋል። ደረጃው ላይ ወጥታ አነበበች። ድምፅዋ አልተሰበረም። «ተባረረ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ሕዝቡን አየችና ደገመችው።

ጨርሳ ዘወር ስትል ዓይኗ እናቷ ላይ አረፈ። የሹራቧ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። ጣቶቿ አልታዘዝ ካሏት ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚቆልፍላት እሱ ነበር። ልጅየዋ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በርከክ አለች፤ ቁልፎቹን ፈታችና ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችላት።