ግማሽ ጣሪያ

የአባይነህን አሟሟት ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ያወሩታል። ታናሽ ወንድሙ ተገኘ እንደሚለው፣ በሃምሳ ሦስቱ ታኅሣሥ ወታደሩ ለሁለት ተከፍሎ አዲስ አበባ ላይ እርስ በርሱ ሲታኮስ፣ በንጉሡ ወገን ወታደር የነበረውን አባይነህን ከዓመፀኞቹ አንዱ አነጣጥሮ ደረቱን መታው። ያ አንዱም ያገራቸው ልጅ፣ ዛሬ ሸማኔ የሆነው ገሠሠ ነው፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ግንብ ሥር፣ በወዲያኛው ወገን ነበርና።

ገሠሠ ደግሞ ከእስር ተፈትቶ መንዝ የገባ ሰሞን ቀጥ ብሎ የሟቹ ሚስት የጥሩሸዋ ደጅ መጣና፣ ሳይቀመጥ እንዲህ አላት፦

«እህቴ፣ ባልሽ በወደቀበት ቀን እዚያው ነበርኩ። አለቆቻችን ‘ከዳተኞቹ እነዚያ ናቸው’ አሉን፤ ለእነሱም ከዳተኞቹ እኛ መሆናችን ተነግሯቸዋል። ተኩሻለሁ። ማንን እንደመታሁ አላውቅም። አልመታሁትም ብዬ አልምልልሽም።»

ጥሩሸዋ ያን ዕለት ውሻ ፈታችበት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ሌላው ሰው ሁሉ እሷን ለማጽናናት ሲል ያላየውን እያሳመረ ሲነግራት፣ የማያውቀውን አላውቅም ያላት እሱ ብቻ መሆኑ ቀስ እያለ ገባት። የበግ ጠጉር ፈትላ ለብርድ የሚለበስ ባና እንዲሸምንላት ላከችለት። ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት ስለጎደለው መወርወሪያው ያመልጠው ነበርና ከወዲያ በኩል ተቀምጣ ትቀበለው ጀመር። የሳምንቱ ሥራ ወር ፈጀ። ሁለቱም አልቸኮሉም።

ዛሬ ጓሳው፣ የቤት ክዳን ሣር የሚታጨድበት የጋራ መስክ፣ ይከፈታል። ለሦስት ዓመት ማጭድ ሳይነካው የቆየው ሣር ወገብ ደርሷል፤ ሰዉ ከዳር ተሰልፎ ይጠብቃል። ማጭድ ከመነሣቱ በፊት ጓሳውን የሚያስጠብቁት ሽማግሌ፣ አባባ መርስዔ ኃዘን፣ እያንዳንዱን ቤት በተራ ይጠይቃሉ፤ ድርሻው ከዘር ወይም ከባል የሚወረስ ነውና፣ በማን ድርሻ? አጫጁስ ማን ነው? ለሴት ቤት የሚያጭደው ወይ ዘመዷ ወይ ባሏ ነው። በሕዝብ ፊት የተጠራ ስም ደግሞ አይመለስም።

«ቤትሽ እኮ ወንፊት ሆኗል» አለቻት ጎረቤቷ አማከለች፣ በክርኗ እየጎሸመቻት። «ዶሮዎችሽ እንኳ ክረምቱን እኔ ዘንድ ነው የከረሙት። ዝም ብለሽ ተገኘ ያጭድልሽ።»

«የተገኘ ሣር እንዲሁ አይገኝም።»

ተገኘ ማጭዱን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። «ሃያ ሸክም አጭድልሻለሁ። ጣሪያሽንም እኔው እከድነዋለሁ። ያን ሰው ግን ከደጅሽ አባሪው።»

«ሲተኩስበት አይተኸዋል?»

«እኔ የት አይቼ? እዚሁ መንዝ አልነበርኩም እንዴ!»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ደም ይናገራል።»

«ላንተ ብቻ ነው የሚናገረው? ስድስት ዓመት ጎኑ የተኛሁት እኔ፤ ምነው ለኔ ዝም አለ?»

አማከለች ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። የተገኘ ፊት ጠቆረ።

«የወንድሜ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋሽ!»

ይህች ቃል ወጋቻት። አባይነህን ትወደው ነበር፤ የተቀበረበትን አፈር እንኳ አላየችም። ግን ለሙት ተዝካር ይወጣለታል እንጂ በየዓመቱ ቂም አይደገስለትም።

«ወንድምህ ነው፤ ማዘንህን አልነፍግህም» አለችው። «ሐዘኔን ግን አንተ አታዝልልኝ።»

ገሠሠ ከሰዉ ጫፍ ብቻውን ቆሟል። ሲተያዩ ራሱን ነቀነቀ፣ ተይው እንደማለት። ትናንትም «እኔን ብለሽ ሌላ ክረምት አይዝነብብሽ» ብሏት ነበር። እሷም «ዝናብ ይደርቃል» ብላው ነበር።

«ጥሩሸዋ ልጄ፣ ተራሽ ነው» አሉ አባባ መርስዔ ኃዘን። «በማን ድርሻ?»

«በወንድሜ በአባይነህ!» አለ ተገኘ። «አጫጁም እኔ ነኝ።»

«አንተን የጠየቀህ የለም» አሉት ሽማግሌው።

ጥሩሸዋ ከሰልፉ ወጣች። «አባባ፣ የባሌን ድርሻ ለወንድሙ ትቼለታለሁ። እኔ በአያቴ በአስካለ ማርያም እገባለሁ። እሳቸውም የዚሁ ጓሳ ልጅ ነበሩ።»

ሰዉ አጉረመረመ። «ሴት በአያቷ?» አለ አንዱ። «ምን ይላል? እሱ በማን ሆድ ነው የመጣው?» አለች አማከለች፣ እንዲሰማ አድርጋ።

ሽማግሌው በዘንጋቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «አያትሽን አውቃቸዋለሁ፤ መብትሽ ነው። ግን ድርሻቸው ትንሽ ናት ልጄ፤ ከግማሽ ጣሪያ አታልፍም።»

«በግማሹ ሥር እንተኛለን።»

«እንተኛለን?» ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። «አጫጁ ማን ነው?»

«ገሠሠ ነው። ዘመድሽ አይደለም እንዳትሉኝ፤ ከፋሲካ በኋላ በሰማንያ አገባዋለሁ።»