የኮማንደሩ ጆንያዎች

ወንድሜ የግማሽ ቀን የአደጋ መከላከል ስልጠና ወስዶ ቢጫ ሰደርያና ፊሽካ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ሰፈሩ «ኮማንደሩ» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን የመጋዘን በር ጠበቀ እንጂ ማንንም አዝዞ አያውቅም፤ አሁን ግን አባታችንን ሳይቀር በፊሽካ ነው የሚቀሰቅሰው። ግድግዳው ላይ «የአደጋ ጊዜ» ብሎ የጻፈበት ቦርሳ ሰቅሏል። ከፍቼ ሳየው ድንጋዩ ያለቀ ባትሪና ቀኑ ያለፈበት ብስኩት አገኘሁ።

አባባ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርድም። የሚኖረው ከወንድሜ ጋር ነው፤ የሚተኛበት ክፍል በጓሮ በኩል ነው፣ ከጓሮው በላይ ደግሞ ዛፉ ተመንጥሮ ያለቀ ዳገት አለ። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቅ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ከማሽኔ ቀና ስል የነሱ በር ፊት ለፊቴ ነው።

ሰማዩ በጠቆረ በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ግንበኛው መጥቶ ዳገቱን አየ።

«ወንድሜ፣ የመንገዱን ውሃ ተወው፤ ይሄ አፈር ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ ጠግቧል። የሚመጣው ናዳ ነው፣ ከኋላ። አባባን ዛሬውኑ እህትህ ጋ ውሰዳቸው» አለው።

ኮማንደሩ ሳቀበት። «ጎርፍ በመንገድ ነው የሚመጣው። ተምሬዋለሁ!»

«በግማሽ ቀን?» አልኩት።

«አንቺን ቅናት ነው የያዘሽ።»

ቅናት! በምኑ? በሰደርያው? ግንበኛው ያለውን ለአባባ ነገርኩት። አባባ እንደሆነ ለሱ ሲሆን አንጀቱ አይችልም፤ «ተይው እስቲ፣ ልጄ ሰልጥኗል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳጥበው፣ ሳገላብጠው፣ ማን ሰርተፍኬት ሰጠኝ?

በማግስቱ ጠዋት ኮማንደሩ አሸዋ የሞላው ጆንያ በፊት ለፊቱ በር ላይ ሲደረድር አረፈደ። ወገቡ ድረስ ከመረው፣ ፈቀቅ ብሎ አደነቀው፣ ፎቶም አነሳው፣ ከዚያ በጓሮ በኩል ሊገባ ዞረ። ጀግና! እኔ ከላይ ሆኜ ሳየው ግን አንድ ነገር ገባኝ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። መስኮቶቹን ሌባ ፈርተን ብረት አስበይደንባቸዋል። የቀረው መውጫ የጓሮው በር ብቻ ነው፣ እሱም ዳገቱ ሥር።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «እስቲ ይዘጋበትና ይጩህ፣ ሰፈሩ ይሳቅበት» አልኩና ተውኩት። እንዲያውም ለብቻዬ ሳቅኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። ዘጠኝ ሳይሞላ ዳገቱ ተናደ፤ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የመንገዱ ውሃ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሞላም። በሩ ግን ከውስጥ ይደበደባል። በመስኮቱ ብረት አሻግሬ አየሁ፤ ጭቃው የወንድሜ ደረት ደርሷል፣ አባባን ትከሻው ላይ ተሸክሞ በክርኑ በሩን ይገፋል።

«እህቴ! ክፈቺ! አባባ!»

ጆንያውን ጎተትኩ። አሸዋው ዝናብ ጠጥቶ አልነቃነቅ አለኝ። ግንበኛው እየሮጠ መጣ፤ ሁለት ሆነን እስክናነሳው፣ በሩም እስኪላቀቅ ስንት ጊዜ እንደፈጀ እግዜር ይወቀው። አባባ ሲወጣ እጁ ይሞቅ ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ ቀዝቅዞ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወንድሜ ጭቃ የለበሰውን ሰደርያ ሳያወልቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፊቱን እየመታ ያለቅሳል።

«በሩን በእጄ ዘጋሁበት። እንዴት አላየሁም? ባየሽው ኖሮ ትነግሪኝ ነበር አይደል፣ እህቴ? አንቺ ምንም አያመልጥሽም።»

ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ስንቅ የኖርኩ ሴትዮ፣ ቀና ብዬ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ራሴን ተጸየፍኩት።

«እነግርህ ነበር» አልኩት።